በእጅ መንካት ክልክል ነው

ከአጂፕ ወረድ ብሎ፣ ቆርቆሮው ሐምሌን በሚቆጥርበት፣
የቡና መጋዘን የነበረ ቤት
ኖራ ጠጥቶ፣ አምፖል አንጠልጥሎ፣
ለዐሥራ አምስት ቀን «አዳራሽ» ተብሎ፣
ስድስት ሠዓልያን ተሰበሰቡበት፤
«የሚታይ ዋጋ፣ የማይታይ ዋጋ» ብለው በሩ ላይ ጻፉበት።

እኔ ዘበኛው ነኝ፤
ጽሕፈትህ ያምራል ብለው የዋጋውን ወረቀት ያጻፉኝ።
ለዚህኛው ሠላሳ ሺህ፣ ለዚያኛው ዐሥራ ስምንት፤
ደሞዜን እያወቅሁ ዜሮ ስደረድር
እንደ ሌባ ዞር ዞር እያልሁ ነበር።
«በእጅ መንካት ክልክል ነው» የሚለውንም
እኔው ነኝ የጻፍሁት፤ በቀይ፣ ሦስት ቦታ።

ያንዱ ሥዕል ብቻ ዋጋ አልመጣለትም።
ኤብሴን ጠየቅኋት፣ «ምን ልጻፍ?»
ትከሻዋን ሰበቀች፤ «ዋጋ የለውም በል» ብላኝ ሄደች።
ጻፍሁት። ቀለሙ ሳይደርቅ ቆሜ አነበብሁት።
ዋጋ የለውም።
እናቴ ስለ አባቴ እንዲህ ነበር የምትል፤
የሂርማታ ነጋዴም ዝናብ ስለመታው በርበሬ እንዲሁ ይላል።
ኤብሴ ግን፣ ቆይቶ ገባኝ፣ ወደ ላይ ነው ያለችው።
አንድ ቃል፣ ሁለት አፍ፤
በየትኛው እንደጻፍሁ እኔም አልለየሁት።

ሥዕሉ የሴት ፊት ነው። ቀለም አልነካውም፤
በግርድ ቡና የተለጠፈ፤
የተነቀዘው ለጉንጭ፣ የተሰበረው ለከንፈር፣
የሻገተው ከዐይን ሥር፣ ድካም በሚያርፍበት።

ሹሙ መጣ፣ ከነአጃቢው።
ተገልብጦ ከቆመው የጅማ በርጩማ ጋር ፎቶ ተነሣ፤
«እግሩ ወደ ሰማይ የሆነው ለምንድን ነው?» አለ።
አንዱ መለሰለት፤ ረጅም ነበር፣ አልያዝሁትም።
እኔ የማውቀው ሌሊት ሌሊት
አቃንቼ እንደምቀመጥበት፣
ሲነጋ እንደምገለብጠው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት አዴ ሩቂያ መጣች፤
ዣንጥላዋን አራገፈች፣ «ጫማ ይወለቃል ወይ?» ብላ ጠየቀች።
ሥዕል አላየችም፤ መጀመሪያ መስኮት ቆጠረች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ሦስተኛው ሥር ቆመች።
«ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ለቀምሁ» አለች፣ «በኪሎ ሒሳብ፤
ብርሃኑ የሚሻለው እዚህ ጋ ነው፣ ተጣልቼ ነው ያገኘሁት።»
ከዚያ ዞረች። ፊቱን ፊት ለፊት አየችው።

ማንን እንደመሰላት አልነገረችኝም።
ተጠጋች። እኔም ተጠጋሁ፤ ሥራዬ ነው።
ጣቷ ቀደመኝ፤
ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ እንዲያ ፈጥኖ፣
ጥፍሯ ከግራው ዐይን አንዲት ፍሬ ፈልቅቆ
መዳፏ ላይ ጣላት።
«አዴ! ክልክል ነው!»
ክልክሉን አላነበበችውም፤ ፊደል አትቆጥርም።
ፍሬዋን ግን ወደ መስኮቱ ወስዳ አነበበቻት፣
ጀርባዋን፣ ሆዷን፣ መሐል ስንጥቋን።
«ይቺ ተሳስታ ነው የገባችው» አለች።
«አንደኛ ናት።»

ለእኔ ሰጠችኝ። «ልትከላት?» አልኋት፣ ለማሾፍ።
«አትበቅልም፣ ተፈልፍላለች» አለች፤
«ግን ግርድ አይደለችም።»
ዣንጥላዋን ዘርግታ ወጣች፤
አዌቱ ሞልቶ ነበር፣ በላይኛው ድልድይ ዞራ ሄደች።

እሑድ ቀዳዳውን አገኙት።
ወጣቶች ስልክ ደቀኑበት፤ አንድ ባለ መነጽር
ስለ ባዶነት ብዙ ተናገረ፣ ራስም ተነቀነቀለት።
ኤብሴ ጥግ ይዛ ትሰማለች፤
አንዴ ቀዳዳውን አየች፣ አንዴ እኔን።
ምንም አላለች። ሙጫም አላመጣች።

ነገ ይወርዳል ሁሉም፤ ግድግዳው ኖራ ብቻ ይቀራል።
እኔ ከቀዩ ጽሕፈቴ ሥር ቆሜአለሁ፣
እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።
ያየኝ ሰው ብርዱ ነው ይላል።